ግማሽ ራስን ስለሚመታው ሕመም

እግሩ የተሰበረ ሰው ምስክር መጥራት አያስፈልገውም፤ የታሰረበት እንጨት ይናገርለታል። ትኩሳት የያዘውንም ሰው ግንባሩን የዳሰሰ ሁሉ ይመሰክርለታል። ራሱን የሚያመው ሰው ግን ከገዛ ቃሉ በቀር ሌላ ምስክር የለውም። ቃሉን የሚያምንለት ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ያጣ እንደ ሆነ ግን በሕመሙ ላይ ኀዘን ይደረብበታል። በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በየካ ክፍለ ከተማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ከሚኖሩ አንዲት የቤት እመቤት የደረሰን ደብዳቤ ነው።

እኅታችን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አስቀድሞ በዐይናቸው ፊት እንደ መጋዝ ጥርስ የተቈራረጠ ብርሃን ይመጣባቸዋል፤ ብርሃኑም ሩብ ሰዓት ያህል እየተንቀጠቀጠና እየሰፋ ቈይቶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የራሳቸው ግማሽ፥ ብዙ ጊዜም የቀኙ ወገን፥ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ እህል ይወቀጣል። የልጆች ጫጫታ፥ የበር መከፈት፥ የቁሌት ሽታ ሁሉ ሕመሙን ያብሰዋል። ያስመልሳቸዋል። መስኮቱን ዘግተው፥ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው ይተኛሉ። በማግሥቱ ሲነሡም ሰውነታቸው ሩቅ መንገድ እንደ ሄደ ሰው ይዝላል። ባለፈው የፍልሰታ ጾም ሱባዔ ለመያዝ ወደ እንጦጦ ወጥተው ሳለ፥ በሦስተኛው ቀን ቅዳሴው ሳይገባ ይኸው ሕመም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ጣላቸው። አማታቸው፥ «ሥራና ጸሎት ሲመጣ ብቻ የሚነሣ ምን ዐይነት ሕመም ነው?» አሏቸው። ጎረቤቶቻቸውም የዛር ነው፥ የዐይነ ጥላ ነው ተባባሉ።

ደብዳቤው የሚያልቀው በሦስት ጥያቄዎች ነው። «ይህ እውነተኛ በሽታ ነውን? በጾም ጊዜ የሚብስብኝ እግዚአብሔር ጾሜን ስላልወደደው ይሆንን? የ13 ዓመት ልጄም ሰሞኑን ግንባሯን ይዛ ከትምህርት ቤት መመለስ ጀምራለች፤ ለእርሷስ ምን ልንገራት?»

እኅታችን፥ ሦስቱንም በተራ እንመልሳለን።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አዎን፥ እውነተኛ በሽታ ነው። ሐኪሞች ማይግሬን ይሉታል። አዲስ የመጣ ወይም ከተማ የወለደው ሕመምም አይደለም። የቅዱስ ባስልዮስ አገር ከሆነችው ከቀጰዶቅያ የተገኘው አሬታዮስ የተባለው የጥንት ሐኪም፥ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ከብርሃን እንደሚሸሹና ጨለማ እንደሚያሳርፋቸው ጽፎ ትቶልናል። በሁለተኛው ምእት ዓመት የነበረው ጋሌኖስም በግሪክኛ «ሄሚክራንያ» ብሎታል፤ ይኸውም ግማሽ የራስ ቅል ማለት ነው። የዛሬው ማይግሬን የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ እርስዎ በተዘጋ ቤት ውስጥ በነጠላ ተሸፍነው የሚታገሉትን ሕመም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሐኪሞች ዐውቀው ስም አውጥተውለታል።

የዘመናችን ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፥ ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎል ከሌላው ሰው አንጎል ይልቅ ለለውጥ ቶሎ የሚነቃ ነው። ይህም ጠባይ ብዙ ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ሕመሙ ሲነሣ የፊትንና የራስ ቅልን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ትልቁ ነርቭ ይቈጣል፤ በአንጎል ሽፋን ላይ ያሉትም የደም ሥሮች እያንዳንዱን የልብ ምት እንደ ዱላ ያሰሙታል። በዐይንዎ የሚያዩት የተቈራረጠ ብርሃን በአንጎል ገጽ ላይ፥ ማየትን በሚመራው ክፍል፥ በደቂቃ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተጓዘ የሚያልፍ ማዕበል ነው። ብዙ ጊዜ ከ5 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቈያል። ሁሉም ሕሙማን አያዩትም፤ የሚያዩት ጥቂቶቹ ናቸው። ያየ ሰውም ራእይ ወይም መንፈስ ያየ መስሎት ሊደነግጥ አይገባውም። የራሱ ሕመም በዐዋቂ ሰው ላይ ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቈይ ይችላል።

ይህ ሕመም በአገራችንም ተጠንቷል። ስመ ጥሩ የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር 15,000 ሰዎችን መርምረው፥ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከመቶ ሰው 3ቱ ማይግሬን እንዳለባቸው ገልጸዋል፤ ሕመሙም በሴቶች ላይ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ ከመቶ ወደ 6 የሚጠጉት እንደሚታመሙ አሳየ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመውና በአዲስ አበባ፥ በኦሮሚያ፥ በአማራና በደቡብ ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት ቁጥሩን ከመቶ ወደ 18 ያህል አድርሶታል። የጥናቶቹ አሠራር የተለያየ ስለ ሆነ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማመዛዘን አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያስረዱናል፤ በየካ ሚካኤል የቅዳሴ ዕለት በሴቶች ወገን ቆመው ከሚጸልዩት መካከል እንደ እርስዎ ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ ዝም ስለሚሉ ብቻ አይታወቁም።

ሕመሙ በሴቶች ላይ የሚበረታው የወር አበባ በሚመጣበት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚለዋወጠው ሆርሞን ስለሚቀሰቅሰው ነው። ስለዚህ የሴት ስንፍና ነው የሚለው ቃል ካለማወቅ የመጣ ነው። ሕመሙ ሥራ ሲበዛ መነሣቱም ሥራን መሸሻ መሆኑን አያሳይም። ሥራ ሲበዛ እንቅልፍ ያጥራል፥ ምሳ ይዘገያል፥ ውሃ ይረሳል፤ ሕመሙን የሚቀሰቅሱት እነዚህ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፥ ወደ ጾሙ እንመለስ። ልብዎን ይበልጥ ያስጨነቀው ይህ ሳይሆን አልቀረም። ሕመሙ በጾም ጊዜ መባሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በፍልሰታ ሱባዔ የያዘ ሰው የሌሊቱን ጸሎት ሲከታተል ያድራል፤ እንቅልፉ ይጎድላል። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህልና ውሃ አይቀምስም። ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው በእንጦጦ ራስ ላይ በነሐሴ ዝናብና ብርድ ይቆማል። ከዚህም ሁሉ በላይ በየቀኑ ጧት ይጠጣው የነበረውን ቡና በአንድ ጊዜ ይተዋል። ቡና የለመደ ሰው ቡናውን ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመው ዘንድ ይጀምራል፤ በሁለተኛውም ቀን ሊበረታበት ይችላል። እርስዎን ሕመሙ በሦስተኛው ቀን መጣሉ እንግዲህ አያስደንቅም።

ይህ በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አይሁድ በስርየት ቀን፥ እስላሞችም በረመዳን የመጀመሪያ ቀን ሲጾሙ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ሐኪሞች ጽፈዋል። ሕመሙ ጾመኛውን በሃይማኖቱ አይለይም፤ የሥጋ ጠባይ ነውና። ስለዚህ ጾሜ አልተወደደልኝም የሚለውን ሐሳብ ከልብዎ ያርቁት። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝዝ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ሰው ለይቶ ይተዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለሚወደው ልጁ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የሚበጀውን ሲመክረው እናነባለን። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ እናት ደግሞ የታመመ ልጇን ከጤነኛው ጋር እኩል አታሸክምም።

ሆኖም ጾሙን እንዴት እንደሚያቀሉት የሚወስኑት እኛም ጎረቤትም አይደለንም፤ ይህ የንስሐ አባትዎ ሥልጣን ነው። ነገር ግን ለንስሐ አባት ያልተነገረ ሕመም ሊፈረድለት አይችልም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ሄደው ሕመሙን ሳያፍሩ ይንገሯቸው። ሐኪም የሰጠዎት ወረቀት ካለም ይዘው ይሂዱ። የጾሙን ሰዓት ማሳጠር፥ ወይም ሕመሙ በሚነሣበት ቀን መድኃኒቱን በውሃና በጥቂት እህል መውሰድ ይፈቀድልዎት እንደ ሆነ ይጠይቁ።

በተረፈ ጾመኛ የሆነች ማይግሬን ያለባት እናት በቤቷ ልታደርገው የሚገባ ዝግጅት ይህ ነው።

አንደኛ፥ ቡናውን ጾሙ ከመግባቱ ከአሥር ቀን በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ሦስት ስኒ የምትጠጣ ወደ ሁለት፥ ከዚያም ወደ አንድ፥ ከዚያም ወደ ግማሽ ብትወርድ ሰውነቷ አይደነግጥም። ከጾም ውጭ ባለው ጊዜም ቡናው በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ልክ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ማታ ሲበላ አለመቸኰል ነው። ሽሮ፥ ምስር፥ ባቄላና አትክልት ያለበት ማዕድ እስከ ማግሥቱ ያቆያል፤ ጣፋጭ ሻይና ዳቦ ግን ቶሎ ያልቃል። ከመተኛት በፊትም ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ይገባል።

ሦስተኛ፥ እንቅልፍን መጠበቅ ነው። ሌሊቱን በጸሎት ያደረች እናት በቀኑ ውስጥ ታርፍ ዘንድ ቤተ ሰቧ ሊፈቅድላት ይገባል። ከልክ ያለፈ እንቅልፍም እንደ ማነሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ የመኝታና የመነሻ ሰዓት በእሑድም በበዓልም ባይለዋወጥ መልካም ነው።

አራተኛ፥ የሽታንና የብርሃንን ነገር ማስተዋል ነው። የዕጣን ሽታ ሕመሙን የሚቀሰቅስባት ሴት ነፋስ በሚያልፍበት በደጁ በኩል ወይም በቅጽሩ ብትቆም ከጸሎቱ አትጎድልም። የበጋ ፀሐይ በእንጦጦ ዳገት ላይ ዐይን ስለሚወጋ፥ ጃንጥላ መያዝ ወይም ነጠላን እስከ ቅንድብ ዝቅ ማድረግ ይረዳል። የአረቄና የጠጅ ነገርም ሳይነሣ አይታለፍ፤ በበዓል ቀን የሚጠጣው ብዙ ሰው ላይ ሕመሙን ያስነሣል።

አምስተኛ፥ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቍጠሪያ ሕመሙ የተነሣበትን ቀን ምልክት ማድረግ ነው። በጎኑም ያን ዕለት ስለ እንቅልፍ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ወር አበባና ስለ ተወሰደው መድኃኒት አንድ አንድ ቃል ይጻፍ። ሦስት ወር የተጻፈበት ቀን መቍጠሪያ ለሐኪም ከረጅም ንግግር የበለጠ ይነግረዋል።

ሕመሙ ከተነሣ በኋላስ? ምልክቱ እንደ ታየ ሥራን አቁሞ ጸጥ ወዳለና ወደ ጨለመ ቤት መግባት፥ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በግንባር ላይ ማድረግ ይገባል። አስፕሪን፥ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ሐኪም በፈቀደው ልክ ቶሎ ሲወሰድ ይሠራል። ከዘገየ ግን ሕመሙ ራሱ የሆድን ሥራ ስለሚያዘገየው መድኃኒቱ እንደሚገባ አይሰራጭም። ጨጓራ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት እነዚህን ሳታማክር አትውሰድ። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ተራውን የራስ ምታት እንክብል በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፥ የተቀላቀሉትንና የበረቱትን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚውጥ ሰው፥ እንክብሉ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ይፈጥርበታል። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ሐኪም በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ፥ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ፥ ሊያዝዝ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ከመውሰዱ በፊት አስሙን መናገር አለበት። እንደ እርስዎ ብልጭታ የምታይ ሴትም ማናቸውንም የሆርሞን እንክብል ከመጀመሯ በፊት ብልጭታውን ለሐኪሙ ትንገረው፤ አንዳንዱ እንክብል ለእርሷ አይስማማምና።

ስለ አገር መድኃኒት ለሚጠይቁን ደግሞ፥ ዳማከሴ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለምች የሚያደርጉት ቅጠል ነው፤ ምችና ማይግሬን ግን አንድ አይደሉም። ግንባርን በምላጭ መብጣት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ምላጭ ከሕመሙ የከፋ በሽታ ያመጣልና።

እዚህ ላይ ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን እንዳይመስለን እንጠንቀቅ። የሱነማዊቷ ልጅ በአጫጆች መካከል ሳለ ራሱን እንዳመመውና ያን ዕለት በእናቱ ጉልበት ላይ እንደ ሞተ መጽሐፍ ይነግረናል። ቀን የማይሰጥ ራስ ምታት አለ። እንደ መብረቅ በድንገት የወደቀና በዕድሜ ተሰምቶ የማይታወቅ ሕመም፤ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ፤ አንድ ወገን የሰነፈበት ወይም ንግግር የተያዘበት፤ ራስ ከተመታ በኋላ የመጣ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፤ በነፍሰ ጡር ላይ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር የታየ፤ እነዚህን ይዞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይገባል። በእንጦጦ ሥር ብርዱ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ በር የሚዘጋ ቤት ብዙ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ካጥወለወላቸው፥ ያ የከሰሉ መርዝ ነው። በሩን ከፍቶ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ ማውጣት፥ ማንደጃውንም ከቤት ማስወጣት እንጂ እንክብል መፈለግ አይገባም።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል እንበል። እንጦጦ የጠበል ተራራ ናት፤ ሕሙማን በእምነት ይወጡባታል፤ እኛም ይህን እንወዳለን። ነገር ግን ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መጣል አለበት የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል የኤድስ መድኃኒት ነገር ሲያከራክር በነበረ ጊዜ፥ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለዚያ ከባድ ደዌ የተፈቀደው ለራስ ሕመም አይከለከልም። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን፤ እኛም ከሁሉ ይበልጥ ያሰብንበት ይህ ነው። ማይግሬን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅቱ ዕድሜ ነው፤ ከእናትም ይወረሳል። ስለዚህ አስቀድመው ለሐኪም ያሳዩአት፤ ዐይኗም ይመርመር። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ጧት ሳትበላ ከቤት አትውጣ፤ ውሃ ይዛ ትሂድ፤ ማታ በጊዜ ትተኛ። ለአስተማሪዋም ነገሩን ይግለጹላት። ልጅቱም ልትጾም በወደደች ጊዜ እንዴት እንደምትጾም ከንስሐ አባት ጋር ይመካከሩ።

ለልጅቱ ግን ከመድኃኒቱ በፊት የሚሰጣት ሌላ ነገር አለ። አጠገቧ ተቀምጠው፥ «ልጄ፥ ይህ ሕመም የእኔም ነው፤ ዐውቀዋለሁ፤ አምንሻለሁ» ይበሏት። እርስዎ ያላገኙትን ምስክር እርሷ ከመጀመሪያው ቀን ታግኘው። ሕመሟን ደብቃ የምታድግ ልጅ ስንፍናዋን እንጂ በሽታዋን አታውቅም፤ በሽታዋን ያወቀች ግን በሥርዐት ትኖርበታለች፥ ትማራለች፥ ቤትም ታቆማለች።

ባለቤትዎ ይህን ጽሑፍ ለእናታቸው ቢያነቡላቸው ደስ ይለናል። እኒያ እናት ክፉ ሰው ናቸው ብለን አንፈርድም። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው አዝለው፥ ቁርስ ሳይቀምሱ፥ ሻሻቸውን በግንባራቸው ላይ አጥብቀው አስረው ዳገቱን የወረዱ እናቶች በዚያ ሰፈር ብዙ ናቸው። ሻሹን ለምን እንዳጠበቁት የጠየቃቸው አልነበረም። ምናልባት እርሳቸውም በወጣትነታቸው ያልታመነላቸው ሕመም ይኖራቸው ይሆናል። አንድ ቀን መስኮቱ በተዘጋ ጊዜ ልጆቹን ይዘው ወደ ውጭ ቢወጡ፥ ምጣዱንም ለዚያ ቀን ቢተኩ፥ ከብዙ እንክብል የሚበልጥ መድኃኒት ይሆናሉ።

የሕሙማን ፈዋሽ እግዚአብሔር ለታመሙት ዕረፍትን፥ ለሚያስታምሙት ትዕግሥትን፥ ለሁላችንም የባልንጀራችንን ሕመም የምናምንበትን ልብ ይስጠን። አሜን።